እጅሽ ይባረክ ለጠላ ጠማቂዋ

ታኅሣሥ 29 ገና ሲከበር ዶሮ ወጡና ድፎ ዳቦው ይወደሳል። እኔ ግን አስቀድሜ የማመሰግነው ጠላ ጠማቂዋን ነው።

ሥራዋ የሚጀምረው ገና በጾሙ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ለጽዳትም ለጣዕምም ነው፤ ሽታው እስከ መጨረሻው ዋንጫ አይለቅም። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል ይጠነሰሳል፤ ቂጣው ይከተላል፤ እንኩሮው ገብቶ ይደፈደፋል፤ በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይከደናል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ያለ ሚዛንና ያለ ቴርሞሜትር ነው። ጌሾው ከበዛ ይመራል፣ ካነሰ ቶሎ ይሆመጥጣል፤ ለእንኩሮው የሚቆላው አሻሮ ጠቆር ካለ ጠላውም ይጠቁራል። ልኩን የምታውቀው በእጇና በአፍንጫዋ ነው።

የሚባክን ነገርም የላትም። የመጀመሪያው ለእንግዳ ይቀዳል፤ ድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮበት ቅራሪ ይሆናል፤ አተላው ለከብት ይሰጣል።

ዛሬ በከተማ ቢራ በሳጥን ገዝቶ በዓሉን መዋል ቀላል ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ጠላ ከቤት ሲጠፋ እንኩሮ ለማንኮር የሚጠራሩት ጎረቤቶችም ይራራቃሉ። ጠላ ቀጂዋ ከእንግዳው በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ የምትቀምስበት የመተማመኛ ወግም ይቀራል። ፋብሪካ መጠጡን ሊተካ ይችላል፤ «ኑ፣ ጠላ ቅመሱ» የሚለውን ጥሪ ግን ጠርሙስ አይዘውም።