ካሜራው የቆመበት ወገን

እ.ኤ.አ. በ1938 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ለጣሊያን ፊልም የሚሰጠውን የሙሶሊኒ ዋንጫ የወሰደው «ሉቻኖ ሴራ፣ ፓይለት» ነበር። በዓመቱ ደግሞ ዋንጫው «አቡና መሲያስ» ለተባለ ፊልም ሄደ። የሁለቱም ዳይሬክተር አንድ ሰው ነው፤ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ። ሁለቱም ፊልሞች ስለ አገራችን ያወራሉ፤ ሁለቱም በወረራው ዘመን በከፊል እዚሁ ተቀርጸዋል። እኔ መካኒሳ አቦ የምኖር ካሜራ ማን ነኝ። ስለዚህ ሰው ሥራ የምጽፈውም ሌንስና ብርሃን ከለመደ ዓይን ተነስቼ ነው።

አሌሳንድሪኒ በ1904 ካይሮ ተወለደ። ወደ ሲኒማው የገባው የዳይሬክተር አሌሳንድሮ ብላሴቲ ረዳት ሆኖ ነው፤ ድምፅ ያለው ፊልም ገና ብርቅ በነበረበት በ1930ዎቹ መጀመሪያ የራሱን መሥራት ጀመረ። በኋላ ዓለም ያወቃት የተዋናይት አና ማኛኒ ባል እሱ ነበር። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑን መካድ አይቻልም። «ሉቻኖ ሴራ» ውስጥ አውሮፕላኖቹ የተቀረጹበትን መንገድ ያየ ባለሙያ፣ የዚያን ጊዜው ካሜራ ምን ያህል ከባድና ግትር እንደነበረ ካወቀ፣ ቆም ብሎ ያደንቃል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚያው አድናቆቱ ላይ ነው። የፊልሙን ዝግጅት በበላይነት የተቆጣጠረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነው። ቪቶሪዮ በኢትዮጵያ ላይ በተደረገው ወረራ ቦምብ ጣይ አብራሪ ነበር፤ ስለዚያ በረራውም መጽሐፍ ጽፏል። ስክሪፕቱን ከጻፉት አንዱ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ«ሮም፣ ክፍት ከተማ» ዓለምን ያስደነቀው ሮቤርቶ ሮሴሊኒ ነው። ታሪኩ የአባትና የልጅ ነው። ሁለቱም አብራሪዎች ናቸው፤ አባትየው የቆሰለ ልጁን ለማዳን ሕይወቱን ይሰጣል። አሜዴዎ ናዛሪ አባቱን ሆኖ ሲጫወት ካሜራው ፊቱን አይጠግበውም፤ ላቡን፣ ዓይኑን፣ የከንፈሩን መንቀጥቀጥ ያሳየናል። የኛ አርበኞች ግን በጅምላ ይመጣሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ይወድቃሉ። ተመልካቹ ለማን እንደሚያለቅስ የተወሰነው ገና ሌንሱ ሲመረጥ ነው።

«አቡና መሲያስ» ከዚህም ይረቅቃል። ታሪኩ በ1846 ወደ አገራችን መጥተው ለብዙ ዓመታት ስለቆዩት፣ በመጨረሻም በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ስለወጡት የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ጉልዬልሞ ማሳያ ነው። እዚህ ኢትዮጵያውያን ስም አላቸው፣ ይናገራሉም። ግን ምኒልክን የሚጫወተው ኤንሪኮ ግሎሪ የተባለ ጣሊያናዊ ተዋናይ ነው። የአገሬው ሰው በብዛት የተሰለፈው ከኋላ፣ አጃቢ ሆኖ ነው። በእኛ ተራራና በእኛ ሰማይ ሥር ተቀርጾ ዋናውን ፊት ከሮም አመጡለት። እኔን ከየትኛውም የጦር ትዕይንት ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዘዴው ዛሬም አለ። የውጭ አገር ቡድን ለቀረጻ መጥቶ «ሎኬሽኑ ግሩም ነው» ሲል፣ ሰዎቹንም ከሎኬሽኑ ጋር ቆጥሯቸው እንደሆነ ለማወቅ ጥሪ ወረቀቱን ማየት ይበቃል።

ሰውየው ለአገዛዙ ብቻ የተፈጠረ መሣሪያ ነበር ብዬ ግን አልደመድምም። በ1942 የሠራው «ኖይ ቪቪ» የሶቪየትን ሥርዓት የሚወቅስ ፊልም ነበር። ሕዝቡ ግን የራሱን አገዛዝ አየበትና ከሲኒማ ቤቶች እንዲወርድ ተደረገ። ፊት ላይ መቆየት የሚያውቅ ዳይሬክተር፣ ፊቶቹን ሲያከብራቸው ካሰበው በላይ እውነት ያወጣል ማለት ነው። ለኢትዮጵያውያኑ ያንን ክብር ነፈገ። እጁ ላይ የነበረውን ችሎታ ሳስብ ወቀሳዬ ይበረታል።

ፊትን ማክበር ስል የምናገረው ስለ ሥራው ነው። መካኒሳ አቦ አንድ አዛውንት እናት ስንቀርጽ፣ ካሜራዬን በቁመቴ ልክ ተክዬ ነበር። «ልጄ፣ ና ቁጭ በል፤ ቆሞ ለሚያናግረኝ ሰው ወሬ አይመጣልኝም» አሉኝ። ትራይፖዱን እስከ መጨረሻው አሳጥሬ በዱካ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ዓይን ዝቅ አደረግሁት። ያኔ ማንጋጠጣቸው ቀርቶ ፊት ለፊት ያዩኝ ጀመር፤ ድምፃቸውም ተለወጠ።

ቀጥሎ ያለው ፈተና የብርሃን ነው። ቀኑ ወር በገባ በአምስት፣ የአቦ ዕለት ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው፤ ነጭ ነጠላ አጣፍተዋል። ፊታቸው ጠይም፣ ነጠላው ነጭ፣ ከኋላቸው ክፍት በር። ካሜራውን በአውቶማቲክ ብተወው ነጩን አይቶ ራሱን ይዘጋል፤ የእሳቸው ፊት ጥላ ይሆናል። ለፊታቸው ብከፍትለት ነጠላው ይቃጠላል፣ ጥለቱም ይጠፋል። ፊታቸው ላይ ላይት ብደቅንባቸው ደግሞ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያደረግነው፣ ከበሩ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገብተን በጎን ማስቀመጥ ነው። የበሩ ብርሃን ጭናቸው ላይ ካረፈው ነጠላ ነጥሮ አገጫቸውንና የዓይናቸውን ሥር አበራው። የገዛ ልብሳቸው ሪፍሌክተር ሆነላቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል፤ ፕሮዲውሰሩም አጉረምርሟል። ለአንድ ፊት ግማሽ ሰዓት መስጠት ወይም መንፈግ ግን የዳይሬክተሩ ውሳኔ ነው። በአሌሳንድሪኒ ፊልሞች ውስጥ ያ ግማሽ ሰዓት ለማን እንደተሰጠ ከስክሪኑ ላይ ይነበባል።

የሙሶሊኒ ዋንጫ ለ«ሉቻኖ ሴራ» ከተሰጠ ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ያው የቬኒስ ፌስቲቫል የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» በዳኞች ልዩ ሽልማትና በምርጥ ስክሪፕት ሸለመ። በዓመቱም ፊልሙ በዋጋዱጉው የፌስፓኮ ፌስቲቫል ወርቃማውን ፈረስ ወሰደ። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ናቸው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ አርበኛና ደራሲ ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት እሳቸው ናቸው። እኔን ከሽልማቱ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የካሜራው ሰው ነው። «ጤዛ»ን የቀረጸው ማሪዮ ማዚኒ ጣሊያናዊ ነው፤ በ1977 ካን ላይ የወርቅ ዘንባባ የወሰደውን የታቪያኒ ወንድማማቾችን «ፓድሬ ፓድሮኔ» የቀረጸ ባለሙያ። ያው አገር፣ ያው የአበሻ ፊት። እዚህ ግን እናት በእሳት ብርሃን ስትታይ ካሜራው አይቸኩልባትም። ምክንያቱም ዳይሬክተሩ ያቺን እናት ያውቋታል፣ ቋንቋዋን ይሰማሉ፣ ዝም ስትል ምን እያለች እንደሆነ ይገባቸዋል። ስለዚህ «ፊልሙን ያበላሸው የባዕድ ዓይን ነው» የሚለውን የተለመደ አባባል አልቀበልም። የማዚኒ ዓይንም ባዕድ ነበር። ልዩነቱ ዓይኑን ማን እንዳዘዘውና ለማን እንደሠራ ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል። ዛሬ ከሰርግ እስከ ረጅም ፊልም ድሮን የማይጠየቅበት ሥራ የለም። ከላይ ሲታይ ከተማው ያምራል፣ ሕዝቡም ይደምቃል፤ ሰው ግን አይታይም። አብራሪው ስለሚያየው ነገር የተሠራ ፊልም ምን እንደሚመስል አሌሳንድሪኒ በ1938 አሳይቶናል። ድሮን አልጠላም፣ እጠቀማለሁ። ዳይሬክተሩ «ከላይ እንጀምር» ሲለኝ ግን «ከላይ ሆኖ የሚያየው ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካለው እናስነሳዋለን።

ስለ ሙያው ተማሪዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየግል ማሠልጠኛው ፊልም የሚያስተምሩ ወገኖች «አቡና መሲያስ»ን እና «ጤዛ»ን በአንድ ሳምንት ያሳዩልን። መጀመሪያ ድምፁ ይጥፋ፤ ተማሪው እያንዳንዱ ክሎዝ አፕ የማን እንደሆነና ስንት ሰከንድ እንደቆየ በወረቀት ይያዝ። ድምፁ ተከፍቶ ክርክሩ የሚጀመረው ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጉ በኋላ ይሁን።