የፈሩት ይደርሳል

ቡድኑ ወደሚቀጥለው ዙር ባለፈበት ምሽት የሚሰደብ አሰልጣኝ፣ ተሸንፎ ከሚሰደበው ይልቅ ግራ ያጋባል። ጁን 25 ቀን 2024 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በጀርመኗ ከተማ በኮሎኝ በጋሬዝ ሳውዝጌት ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በአውሮፓ ዋንጫ ከስሎቬንያ ጋር 0 ለ 0 ተለያይቶ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። አሰልጣኙ ደጋፊዎቹን ለማመስገን ወዳሉበት ሲጠጋ የተቀበለው ግን ጩኸትና የፕላስቲክ ኩባያ ውርወራ ነበር። አንደኛ ለወጣ ቡድን እንዲህ ያለ አቀባበል ለምን?

ነገሩን ከውጤት መዝገብ ብቻ ለሚያይ ሰው ደጋፊው ውለታ ቢስ ነው። ሜዳውን ያየ ግን ቁጣውን ለመረዳት አይቸገርም። እንግሊዝ በሦስቱ የምድብ ጨዋታዎች ያስቆጠረችው ሁለት ግብ ብቻ ነው። ሰርቢያን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ከዴንማርክ 1 ለ 1 ወጣች፤ ከስሎቬንያ ጋር ያለ ግብ ተለያየች። ይህ የሆነው ደግሞ ግብ አግቢ ጠፍቶ አይደለም። ሃሪ ኬን በዚያ የውድድር ዘመን ለባየር ሙኒክ በቡንደስሊጋው 36 ግብ አግብቷል። ጁድ ቤሊንግሃም ከመሀል ሜዳ እየተነሣ ለሪያል ማድሪድ በሊጉ 19፣ ኮል ፓልመር ለቼልሲ 22፣ ቡካዮ ሳካ ለአርሰናል 16 አስቆጥረዋል። ፊል ፎደን የፕሪሚየር ሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል። ጎተራው ሞልቶ ሳለ ቤተሰቡ ጦሙን የሚያድርበት ቤት ማለት ይህ ነው።

«እንግሊዞች ቢያጠቁ ባያጠቁ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያገባናል ባይ ነኝ። በአዲስ አበባ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ቅዳሜና እሁድ የሚታደመው ወጣት ሳካን የሚያውቀው እንደ ሰፈሩ ልጅ ነው። ተከላካዩን በየት በኩል እንደሚያልፈው፣ መቼ ወደ ውስጥ ቆርጦ እንደሚመታ ከእኔና ከእናንተ አስበልጦ ይነግራችኋል። ይኸው ልጅ ነጩን የብሔራዊ ቡድን መለያ ሲለብስ ኳስ ተቀብሎ ወደ ኋላ የሚመልስ ሲሆን ተመልካቹ ይገረማል። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ እግሩም ያው እግር ነው። ታዲያ ምን ነካው? ጥያቄው ዞሮ ዞሮ መስመሩ ዳር ወደቆመው ሰው ያመራል።

ሰውየውን ከመውቀስ በፊት የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው። ሳውዝጌት በ2016 ኃላፊነቱን ሲረከብ የእንግሊዝ ቡድን መሳቂያ ነበር። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ዋንጫ በትንሿ አይስላንድ 2 ለ 1 ተሸንፎ ወጥቷል፤ ቀጥሎ የተሾሙት ሳም አላርዳይስም ከአንድ ጨዋታ በላይ አልቆዩም። ሳውዝጌት ይህን ፍርስራሽ አንሥቶ በ102 ጨዋታዎች መራው። በ2018 ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አበቃው። በ2021 ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ አደረሰው፤ ከ1966 ወዲህ እንግሊዝ በታላቅ የወንዶች ውድድር ፍጻሜ ስትቆም ያ የመጀመሪያዋ ነው። በ2024 ደግሞ ደገመው። በ2022 በኳታር የዓለም ዋንጫ በአምስት ጨዋታ 13 ግብ አስቆጥሯል። ይህን የሚክድ ሰው ሐቀኛ አይደለም።

ከዚህም የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል። እንግሊዞች ፍጹም ቅጣት ምት ሲባል ጉልበታቸው የሚከዳቸው ሕዝቦች ነበሩ። ከዚህ ታሪክ አንዱን ምዕራፍ የጻፈው ራሱ ሳውዝጌት ነው። በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በዌምብሌይ ከጀርመን ጋር በተደረገው የመለያ ምት፣ የእርሱን ምት በረኛው ኮፕከ አዳነበት፤ አገሩም ከውድድሩ ወጣች። ይህ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን ፍርሃትን ራሱን እንደ በሽታ ቆጥሮ ሊያክመው ተነሣ። ፒፓ ግሬንጅ የተባለችውን የሥነ ልቦና ባለሙያ አምጥቶ ተጫዋቾቹ ስለ ስጋታቸው በግልጽ እንዲነጋገሩ አደረገ። ፍጹም ቅጣት ምትን እንደ ሎተሪ ሳይሆን እንደ ሙያ አለማመዳቸው። በ2018 እንግሊዝ ኮሎምቢያን አሸንፋ በዓለም ዋንጫ ታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በመለያ ምት አለፈች። ጸሐፌ ተውኔት ጄምስ ግራሃም ይህን ታሪክ በ2023 በለንደኑ ናሽናል ቴአትር ወደ መድረክ አወጣው። «ውድ እንግሊዝ» የሚለው ርዕስ ሳውዝጌት በ2021 ለአገሩ ሕዝብ ከጻፈው ግልጽ ደብዳቤ የተወሰደ ነው። ተውኔቱ በ2024 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተውኔት ተብሎ የኦሊቪየርን ሽልማት አግኝቷል።

እንግዲህ የእኔ ሙግት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሳውዝጌት ፍርሃትን ከመልበሻ ክፍሉ አስወጥቶ በአሰላለፉ በኩል መልሶ ወደ ሜዳ አስገባው። ተጫዋቾቹን «አትፍሩ» እያለ ያስተማረ ሰው፣ ጨዋታውን ሲያቅድ ግን እንዳይሸነፍ ብቻ ያቅድ ነበር።

ማስረጃው ሁለት ምሽቶች ናቸው። የመጀመሪያው ጁላይ 11 ቀን 2018 በሞስኮ ነው። ኪራን ትሪፒየር በ5ኛው ደቂቃ በቅጣት ምት ክሮኤሺያ ላይ አገባ። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለተኛ ግብ የሚገኝባቸው ዕድሎች ነበሩ። ከዕረፍት በኋላ ግን ቡድኑ ወደ ገዛ ሜዳው አፈገፈገ። ፔሪሲች በ68ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ማንጁኪች በተጨማሪው ሰዓት በ109ኛው ጨረሰው። ሁለተኛው ምሽት ልክ በሦስት ዓመቱ፣ ጁላይ 11 ቀን 2021 በዌምብሌይ ነው። ሉክ ሾው ጣሊያን ላይ ያገባው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ነው። የቀረው ሰዓት ሁሉ እንግሊዝ ያችን ግብ እንደ ድስት አቅፋ የተቀመጠችበት ነበር። የጣሊያኑ አሰልጣኝ ማንቺኒ ከዕረፍት መልስ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ተጫዋቾች ለወጠ። ሳውዝጌት ግን ቦኑቺ በ67ኛው ደቂቃ አቻ እስኪያደርግ ድረስ አንድም ሰው አልቀየረም።

ማፈግፈግ በሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል ለማያዘወትር አንባቢ ላስረዳ። ተከላካዮቹ ወደ ገዛ ፍጹም ቅጣት ምት ክልላቸው ይጠጋሉ። አማካዮቹ ከእነርሱ ላለመራቅ አብረው ይወርዳሉ። አጥቂው ብቻውን ይቀርና ኳስ ፍለጋ እሱም ወደ ኋላ ይመጣል። አሁን ኳስ ሲነጠቅ የሚቀበል ሰው ፊት ለፊት የለም። ስለዚህ ኳሱ በረጅሙ ይመታል፤ ተጋጣሚ ያነሳውና መልሶ ይመጣል። እንዲህ እየተመላለሰ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ከተከላካዮቹ አንዱ መድከሙ ወይም መሳቱ አይቀርም። የፈሩት ይደርሳል የሚለው አባባል የሜዳ ላይ ትርጉሙ ይኸው ነው። ግቡ የሚቆጠረው በድንገት አይደለም፤ ተጠርቶ ነው የሚመጣው።

የጣሊያኑ ጨዋታ መጨረሻ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ማርከስ ራሽፎርድና ጄደን ሳንቾ የገቡት በ120ኛው ደቂቃ፣ ለመለያ ምቱ ብቻ ተብለው ነው። ኳስ በቅጡ ሳይነኩ፣ ሰውነታቸው ሳይሞቅ ፍጹም ቅጣት ምት ምቱ ተባሉ። የራሽፎርድ ምት ከብረቱ ጋር ተጋጨ፤ የሳንቾን ዶናሩማ አዳነ። የመጨረሻው ሸክም በ19 ዓመቱ ሳካ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እሱም ሳተ። በዚያች ሌሊት ሦስቱ ጥቁር ወጣቶች ላይ የዘረኝነት ስድብ ወረደባቸው። ሳውዝጌት መቺዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ ብሎ ኃላፊነቱን በይፋ መውሰዱ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ስህተቱ ከመቺዎቹ ምርጫ የሚጀምር አይመስለኝም። የጀመረው ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ነው። ጥንቃቄ አደጋን አያጠፋም፤ ቀኑን ያራዝመዋል፤ ከአሰልጣኙ ላይ አንሥቶም ለሌላ ያሸክመዋል። በ1996 ያንን ሸክም የተሸከመው ሰው በ2021 ለልጆች ማውረሱ ነው ልብ የሚሰብረው።

በሌላ በኩል ያለውን ክርክር አልዘነጋሁትም። ታላላቅ ውድድሮችን የሚያሸንፈው ተከላካይ ነው ይባላል። እውነትም ግሪክ በ2004 የአውሮፓን ዋንጫ የወሰደችው ሦስቱንም የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች 1 ለ 0 እያሸነፈች ነው። ፖርቱጋል በ2016 ዋንጫ ስትበላ በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈችው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ፈሪ ለእናቱ የሚለውም የአባቶቻችን ነው፤ የሚኖር ሰው ነገም ይጫወታል። ሆኖም የግሪኩ አሰልጣኝ ኦቶ ሬሃግል ፓልመርና ፎደን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አልነበሩለትም። የሌለው ሰው ቆጥቦ ቢኖር ብልኅ ይባላል። ያለው ሰው ሲሰስት ግን ሌላ ስም አለው። አንድ አሰልጣኝ ተከላከለ ተብሎ አይወቀስም። የሚወቀሰው በእጁ ያለውን ሰው ባለማመኑ ነው።

ወደ 2024 ልመለስ። ከኮሎኙ ምሽት በኋላ እንግሊዝ እስከ ፍጻሜ መዝለቋ ሳውዝጌትን ትክክለኛ ያደረገው ይመስላል። አካሄዷን ስንመረምር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስሎቫኪያ ልታሰናብታት ሰከንዶች ሲቀሩ ቤሊንግሃም በ95ኛው ደቂቃ ወደ ኋላ ተገልብጦ በመታው ኳስ ተረፈች። ስዊዘርላንድ ከመራች በኋላ ሳካ በ80ኛው ደቂቃ ከሩቅ መትቶ አዳናት፤ በመለያ ምትም አለፈች። ኔዘርላንድስን የጣሉት በ81ኛው ደቂቃ ተቀይረው የገቡት ፓልመርና ኦሊ ዋትኪንስ ናቸው፤ አንዱ አቀበለ፣ ሌላው አገባ። በፍጻሜውም ስፔን ስትመራ አቻ ያደረገው ፓልመር ነው፤ ከገባ ገና ሦስት ደቂቃ ቢሆነው ነው። እያንዳንዱ ግብ አሰልጣኙ ተጨንቆ ልጆቹን የለቀቀባት ቅጽበት ውጤት ነው። ቁልፉ በኪሱ ነበር ማለት ነው። የሚያወጣው ግን ቤቱ ሲቃጠል ብቻ ነው።

ስፔን በዚያ ፍጻሜ ምን አደረገች? የመጀመሪያዋን ግብ ኒኮ ዊሊያምስ ሲያገባ ያቀበለው ላሚን ያማል ነው። ያማል 17 ዓመት የሞላው በዋዜማው ነበር። አሰልጣኙ ዴ ላ ፉዌንቴ ልጁን ከመጀመሪያው ውድድር እስከ መጨረሻው በክንፍ ላይ አምኖት ተጓዘ። ስፔን ሰባቱንም ጨዋታ አሸንፋ 15 ግብ አግብታ ዋንጫውን ወሰደች። ማጥቃትም ዋንጫ ያስገኛል ለማለት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ስለ ደጋፊውም ጥቂት ልበል። ኩባያ መወርወር ነውር ነው፤ የቆዳን ቀለም እየጠሩ መሳደብ ደግሞ ከነውርም ያለፈ ወንጀል ነው። ለሁለቱም ጠበቃ አልሆንም። ነገር ግን የደጋፊውን ቅሬታ የዋንጫ ረሃብ ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ደጋፊ መሸነፍን ያውቃል። በ2022 እንግሊዝ በፈረንሳይ 2 ለ 1 ተሸንፋ ስትወጣ፣ እያጠቃች ስለነበር ብዙው ሰው ያዘነው ከእርሷ ጋር እንጂ በእርሷ ላይ አልነበረም። ደጋፊ የማይችለው ተስፋ ሲከለከል ነው። ገንዘቡንና ሰዓቱን፣ ድምፁንም አውጥቶ የሚገዛው «አሁን አንድ ነገር ይሆናል» የሚለውን ስሜት ነው። ኳስ ከተከላካይ ወደ ተከላካይ ስትመላለስ የተሰረቀው እሱ ነው። እኛም ከዚህ ርቀን፣ ወንበር ተከራይተን፣ ሻይ ይዘን የምንቀመጠው ለዚያው ነው።

ሳውዝጌት ከፍጻሜው በሁለተኛው ቀን፣ ጁላይ 16 ቀን 2024 ሥራውን ለቀቀ። በክብር መሸኘቱን እደግፋለሁ፤ ቡድኑን ከተረከበው የተሻለ አድርጎ ነውና ያስረከበው። በእኔ ሚዛን ግን ጉድለቱ ዋንጫ አለማንሣቱ አይደለም። ተጫዋቾቹ ፍርሃታቸውን እንዲናገሩ ያስተማረ ሰው፣ የራሱን ፍርሃት በአሰላለፍ ወረቀቱ ላይ ጽፎ መስጠቱ ነው። በሞስኮም በዌምብሌይም ሁለተኛዋን ግብ ሊፈልግ ይችል ነበር፤ ሰዎቹም ነበሩት። ፈልጎ ቢሸነፍ ኖሮ ዛሬ ስለ እርሱ የሚጻፈው ሌላ ነበር።