የማይቀልጥ በረዶና የቀረችው «ይባላል»

ጁዲ ሆል እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «ዘ ክሪስታል ባይብል» ድንጋዮችን ከነመልካቸውና አለን ከሚሉት ፈውስ ጋር የሚዘረዝር መጽሐፍ ነው። ከሁሉ የላቀውን ማዕረግ የሰጠው ጥርት ላለው ኳርትዝ ነው፤ ኃይልን የሚያጎላ፣ ለማናቸውም ሕመም የሚበጅ ዋና ፈዋሽ ይለዋል። ይህ መጽሐፍና መሰሎቹ የሚናገሩትን ከጥንት የተወረሰ ጥበብ አድርገው ያቀርባሉ። እንግዲያውስ በዚያው በጥንቱ ሚዛን መመዘናቸው ተገቢ ነው።

ግሪኮች ይህን ድንጋይ «ክሪስታሎስ» ብለውታል፤ ትርጓሜውም በረዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 የሞተው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ በ«የተፈጥሮ ታሪክ» 37ኛ መጽሐፉ፣ ድንጋዩ በብርቱ ቅዝቃዜ የረጋ በረዶ መሆኑን ያለ ጥርጥር ጽፏል። ተሳስቷል። ዳሩ ግን በዚያው ስፍራ፣ ድንጋዩ በቀይ ባሕር ደሴቶችም እንደሚገኝ ንጉሥ ዩባ የተናገረውን አልሸሸገም። በረዶ በማያውቀው በቀይ ባሕር! ለገዛ አሳቡ የማይመቸውን ቃል ከነባለቤቱ መዝግቦ አለፈ። ስለ ሕክምናውም ሲጽፍ ነገሩን የሰጠው ለሐኪሞቹ ነው፤ መተኰስ ያለበትን የአካል ክፍል ለመተኰስ፣ ከድንጋዩ በተሠራ ድቡልቡል የፀሐይን ጨረር ከመሰብሰብ የሚሻል የለም ይላሉ፣ ይላል። ይህ ደግሞ ከምትሐት የራቀ ነው፤ ማንኛውም ማጉያ መስተዋት የሚያደርገው ነው።

የቃሉም ጉዞ ይህንኑ ይመሰክራል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 4 እና 22 ላይ «ክሪስታሎስ»ን የተረጐመው «ብርሌ» ብሎ ነው። ብርሌ የሌላ ዕንቍ መጠሪያ ከሆነው «ቤሪሎስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወረደ ሲሆን፣ የጠጁ ብርሌም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ጀርመኖች መነጽርን «ብሪለ» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ማንበቢያ ድንጋዮች ከቢረሌና ጥርት ካለው ኳርትዝ ይሠሩ ነበርና። አንዱ ቃል በአንዱ አገር ጠጅን፣ በሌላው ፊደልን አሳየ። በሁለቱም ዘንድ ድንጋዩ የተከበረው ከበስተኋላው ያለውን ባለመሸሸጉ ነው።

የዛሬዎቹ መጻሕፍት ግን በዚህ አይረኩም፤ ከሳይንስም ቃል ይበደራሉ። ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ኳርትዝ ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚያሳይ አረጋገጡ። በእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው ኳርትዝም በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። «ንዝረት» እና «ኃይል» የሚሉት ቃላት ከፈውስ ወሬ ጋር ሲነገሩ እውነት የሚመስሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም የሰዓቱን ኳርትዝ የሚያንዘረዝረው ባትሪው ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ሰዓቱ ይቆማል። በበሽተኛ ደረት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ደግሞ ባትሪም ሥራም የለውም።

ለንደን በሚገኘው የጎልድስሚዝስ ኮሌጅ የሥነ ልቡና ምሁር የነበረው ክሪስቶፈር ፍሬንች ከባልደረቦቹ ጋር 80 ሰዎችን ፈትኖ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አቅርቧል። ለአንዳንዶቹ እውነተኛ ኳርትዝ፣ ለሌሎቹ ሐሰተኛ ድንጋይ አስያዛቸው። ሙቀትና መንዘር ተሰማን ያሉት በሁለቱም ወገን ነበሩ፤ የድንጋዩ እውነተኛነት ልዩነት አላመጣም። ሰዎቹ ዋሹ ማለት አይደለም። ጸጥ ብሎ ተቀምጦ መተንፈስና ተስፋ ማድረግ የሚሰጠው ዕረፍት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ዕረፍቱ የሰውዬው እንጂ የድንጋዩ አይደለም። ዕጢ ያለበት ሰው ይህን ዕረፍት ፈውስ ነው ብሎ ሐኪም ቤት መሄዱን ሲያዘገይ፣ የቃላቱ ስሕተት የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ድንጋዩና ስለ ጤና በእርግጥ የሚታወቅ ነገር ቢኖር ከመጻሕፍቱ ተስፋ ጋር የሚቃረን ነው። የኳርትዝ ብናኝ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1997 ብናኙን ካንሰር አምጪ ሲል መድቦታል። ለገበያው ብዙ ድንጋይ ከምትልከው ከማዳጋስካር የሚወጣው ኳርትዝ በአብዛኛው በእጅ መሣሪያ የሚቈፈር ነው። ሳንባውን ለአደጋ አጋልጦ ድንጋዩን የሚያወጣው ቈፋሪ በፈውስ መዝገቡ ውስጥ አንድም መስመር የለውም።

አፈ ታሪክ ጥፋት የለበትም። የማይቀልጥ በረዶ ያለ ሰው ያየውን መስሎ ተናገረ፤ ውበቱም ዛሬ ድረስ አልደበዘዘም። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ነገር የታመነች ቃል አላት፦ «ይባላል»። ተራች ያለ እርሷ አይጨርስም፤ ፕሊኒም ሐኪሞቹን ሲጠቅስ በላቲን የእርሷን መሰል ተጠቅሟል። የዘመኑ የድንጋይ መጻሕፍት የተረቱን ምስል ሁሉ ወርሰው ይህችን አንዲት ቃል ጣሏት፤ በስፍራዋም «ይፈውሳል» አሉ። እነርሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ቢኖር፣ የመጀመሪያ ሥራው የጣሉትን ቃል ወደ ቦታው መመለስ ነው።