ጀርባውን ገልብጡት

ሴትየዋ የብስኩት ቆርቆሯቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ ገና ክዳኑን ሳይከፍቱ ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ። «አርቴፊሻል ነው ልጄ፤ ጊዜሽን እንዳላጠፋብሽ።» ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ሲያስታምሙ ኖረዋል። አሮጊቷ ሲያርፉ ልጃቸው «እናቴ ለአንቺ ብላ የተወችው ነው» ብላ አስታቀፈቻቸው። ወርቅ ገዢ ሱቅ ይዘውት ሄዱ። ሰውየው ማግኔት አስጠጋ፣ አንዱን ቀለበት ፋቀ፣ ሚዛን ላይ እንኳ ሳያወጣው «ወርቅ የለበትም» ብሎ ቆርቆሮውን ገፋላቸው። ለመጣልም ለሰው ለመስጠትም ሲያመነቱ ከርመው ነው ሰው ወደ እኔ የመራቸው።

ወርቅ ገዢው አልዋሸም። የተጠየቀውን መለሰ። ችግሩ ጥያቄው ላይ ነበር።

እኔም በዚያው ጥያቄ ነው ያደግሁት። አባቴ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበር። አንድ ጌጥ ደጃችንን ሲረግጥ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ግራም፣ ስንት ካራት። ጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ጫር ይደረጋል፣ አሲድ ጠብ ይደረግበታል፤ ጭረቱ ከቀረ ወርቅ ነው፣ ከጠፋ አይደለም። «የእጅ» የሚባለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጌጡን ያበጀው ሰው ድካም፣ መጨረሻ ላይ የሚደመር፣ ደንበኛ ሁሉ የሚከራከርበት ትንሽ ገንዘብ ነበር። ያው ጌጥ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሲሸጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው የእጁ ነው። ማንም አይቆጥረውም፤ ጌጡ ወደ ግራምነቱ ይመለሳል። አባቴ ራሱ የሠራውን ጌጥ በግራም መልሶ ሲገዛ ፊቱ እንዴት ይጨልም እንደነበር አልረሳውም።

ዋሽንግተን አካባቢ የቆየ አርቴፊሻል ጌጥ መግዛት፣ መሸጥና መገመት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬን ለአገሬ ሰው ሳስረዳ የቀለለኝ መንገድ ይህ ነው፦ ወርቁን አውጡትና የእጁን ብቻ አስቀሩት። ብረቱ ናስ ነው፣ ፈርጡ ብርጭቆ ነው፣ ሉሉ የተቀባ ዶቃ ነው። ዋጋ ካለው፣ ዋጋው የነደፈው ሰው ሐሳብ፣ ያበጀው ሰው እጅና እስከ ዛሬ ያቆየው ሰው ጥንቃቄ ነው። አባቴ ሳይከፈለው የቀረው ነገር እዚህ ገበያ ላይ ብቻውን ቆሞ ይሸጣል።

ስለዚህ ፊቱን አስቀድሜ አላይም። ገልብጬ በጀርባው እጀምራለሁ። ፊቱ ገዢን ለማባበል የተሠራ ነው፤ ጀርባው ላይ ግን ብየዳው፣ ሽቦው፣ መርፌው፣ የሠሪው ማህተም ሁሉ እንዳለ ይታያል። መሣሪያዬም ብዙ አይደለም፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ጥሩ መብራትና ለስላሳ ጨርቅ።

ከቆርቆሮው መጀመሪያ እጄ የገባው ዘውድ ነበር። ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ድቡልቡል ፈርጦች ያሉት ብሮሽ። ስገለብጠው ሁለት ቃል ተቀርጾበታል፤ የሠሪው ኩባንያ ስም «ትራይፋሪ» እና ብር መሆኑን የሚናገረው «ስተርሊንግ»። በክብ ውስጥ የምትጻፈው የቅጂ መብት ምልክት ግን የለችም። የሁለቱ መኖርና የአንዷ አለመኖር ዘመኑን ነገሩኝ። በ1942 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ስለነበረች ቆርቆሮንና መሰል ብረቶችን ለጦር መሣሪያ ስትል ከጌጥ ሠሪዎች ከለከለች። ሠሪዎቹ ወደ ብር ዞሩ፤ በብር እየሠሩ ወርቅ ይቀቡት ጀመር። ጦርነቱ አልቆ ብረቱ ሲለቀቅ አብዛኞቹ ወደ ርካሹ ቅይጥ ተመለሱ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዘውድ ላይ «ስተርሊንግ» የሚል ቃል ሳይ ግምቴን ከ1940ዎቹ እጀምራለሁ።

የምልክቷ ታሪክ ደግሞ ከፍርድ ቤት የመጣ ነው። ትራይፋሪ ሌላ ኩባንያን «ንድፌን ገለበጠብኝ» ብሎ ከሶ፣ በ1955 ኒውዮርክ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት አርቴፊሻል ጌጥም እንደ ጥበብ ሥራ በቅጂ መብት ሊጠበቅ እንደሚችል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ምልክቷ በየጌጡ ጀርባ በዛች። ከዚያ በፊት ሠሪዎቹ የሚተማመኑት በፓተንት ነበር። የፓተንት ቁጥር የተቀረጸበት ጌጥ ካገኛችሁ እንኳን ደስ አላችሁ እላለሁ፤ የአሜሪካ የፓተንት መዝገብ ለማንም ክፍት ነውና ቁጥሩን ፈልጋችሁ የንድፉን ሥዕል፣ የነዳፊውን ስምና ቀኑን ታገኛላችሁ። በዚህ ሥራ ከዚህ የጠራ ማስረጃ አላውቅም።

የትራይፋሪ ዋና ነዳፊ አልፍሬድ ፊሊፕ ነበር፤ ፈረንሳይ የተወለደ፣ ቀድሞ ለካርቲየርና ለቫን ክሊፍ ኤንድ አርፔልስ የሚቀርብ እውነተኛ ጌጥ የነደፈ ሰው። በ1930 ትራይፋሪ ገብቶ እስከ 1968 ቆየ። ለአልማዝ የሠለጠነውን እጁን ለብርጭቆ አዋለው። ይህን ስነግራቸው ሴትየዋ አዘኑለት። «ከአልማዝ ወደ ብርጭቆ? ምን ገጠመው?» አሉኝ። ምንም የከፋ ነገር አልገጠመውም፣ እንዲያውም በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሥልጣን ሲይዙ ባለቤታቸው ማሚ በበዓለ ሹመቱ ግብዣ ላይ ያደረጉት አርቴፊሻል ሉል የእሱ ሥራ ነበር አልኳቸው። «የፕሬዚዳንት ሚስት? አርቴፊሻል?» ብለው ዘውዱን ከእጄ ወስደው እንደ አዲስ አዩት።

ቀጥሎ የወጣው ጉትቻ አስጨንቆኝ ነበር። የአሮጊቷ ልጅ «የአያቴ የሠርግ ጉትቻ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት» ብላ ነበር የሰጠቻቸው። ፈርጦቹ ግን ብርሃን ሲያርፍባቸው የቀስተ ደመና ቀለም ያወጣሉ። ይህ ቅብ «አውሮራ ቦሪያሊስ» ይባላል፤ የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ ከክርስቲያን ዲዮር ጋር ሆኖ በ1950ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ነው። ከጦርነቱ በፊት የነበረች ሙሽራ ልታደርገው አትችልም። ልጅቷ ዋሽታለች አልልም፤ የእናትና የአያት ጉትቻ በአንድ መሳቢያ ሲኖሩ ታሪካቸው ይቀላቀላል። የቤተሰብ ወግ በማስታወሻዬ ላይ ሁሌም እጽፋለሁ፣ ዋጋ ስተምን ግን አልደምረውም። ሰው ቅር ቢለውም መነገር አለበት፤ ዝም ብዬ ባልፍ ቀጣዩ ገዢ ባልነበረ ታሪክ ላይ ገንዘብ ይከፍላል።

ሞኔ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ጉትቻና አምባር አሥራ ሁለት ያህል ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፣ ቅቡ ጠንካራ ነው፣ ግን በብዛት ስለተሠራ የትም ይገኛል። በአንድነት የሚሸጥ።

ከቆርቆሮው ታች፣ በመሃረብ ተጠቅልሎ፣ ሐብሉ ወጣ።

ሁለት ረድፍ ሉል፤ ልሙጥና ክብ ሳይሆን እንደ ወንዝ ጠጠር ወጣ ገባ። መሃሉ ላይ አበባ አለው፤ የናስ ቅጠሎቹ ወርቁ የደበዘዘ፣ ያረጀ መስሎ እንዲታይ ሆን ተብሎ የተቀባ። የአበባውን ጀርባ ሳይ ትንፋሼን ያዝኩ። ሙጫ የለም። አንድ ጠብታ የለም። እያንዳንዷ ቅንጣት ሉል ከፀጉር ብዙም በማይወፍር ሽቦ ተወግታ፣ ሽቦው ወንፊት በመሰለ የናስ ሰሌዳ ቀዳዳ አልፎ ከጀርባ ተጠምዝዟል። የሽቦው ጫፍ ቆዳ እንዳይቧጭርና ጀርባውም እንዲያምር ሌላ የተፈለፈለ ሰሌዳ ተደርቦለታል። መቆለፊያው ላይ ባለች ሞላላ ሰሌዳ «ሜሪያም ሃስክል» የሚል ስም አለ።

ሜሪያም ሃስክል በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ሱቅ የከፈተች ሴት ናት፤ የዘመኗ ዋና ነዳፊ ፍራንክ ሄስ ነበር። ቀደምት ሥራዎቻቸው ስም አልነበራቸውም፤ ስም መቅረጽ የተለመደው ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ስለዚህ ስም የለውም ተብሎ የሚጣል የሃስክል ሥራ አለ፤ ሽቦ ስላየ ብቻ «ሃስክል ነው» የሚል ሻጭም አለ። ስም ያለበትንም ዝም ብዬ አላምንም። መቆለፊያ ከተበጠሰ ሐብል ወጥቶ ሌላ ሐብል ላይ ሊገባ ይችላል። መቆለፊያው፣ የሉሎቹ ቅብ፣ የሰሌዳው ቀለም፣ የሽቦው አጠማዘዝ እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። የዚህኛው ተስማማ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ አባቴ ትዝ ይለኛል፤ ቢያየው ኖሮ ሽቦውን በጣቱ ዳብሶ፣ ይህን ያጠማዘዘችው ሴት ቀኗን ሙሉ ስንት አበባ ጨረሰች ብሎ ይጠይቅ ነበር።

አንድ ጉድለት ነበረው። ከአበባው ጠርዝ አንዲት ቅንጣት ሉል ወድቃ ባዶ ሽቦ ቀርቷል። የዛሬ ሉል ቢገባበት ነጣ ብሎ ከሩቅ ያስታውቃል። ለሴትየዋ ይህችን ቦታ አሳይቼ ዋጋውን እንደምትቀንስ ነገርኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም።

ስለ ጉድለት ሳወራ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ሥራውን በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ጥሩ ብሮሽ ገዝቼ፣ ቤታችን ብር እንደሚታጠበው በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠብኳት። ብርጭቆ ፈርጥ የሚያበራው ከጀርባው በተለበጠለት ስስ ቅብ ነው፤ ውሃ ከሥሩ ከገባ ቅቡ ይጠቁራል፣ ይላጣል። እኛ ሻጮች «የሞተ ድንጋይ» እንለዋለን። ከሳምንት በኋላ ሳያት ግማሾቹ ፈርጦች ሞተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ከማምጣቱ በፊት እንዳያጥብ እለምናለሁ። አቧራው ለእኔ አያስቸግርም። አረንጓዴ ዝገት ግን ቶሎ መለየት አለበት፤ ቅቡን እየበላ ብረቱ ውስጥ ይገባልና።

ከዚህ በኋላ «ታዲያ ስንት ያወጣል?» የሚለው ይመጣል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ለምን ጉዳይ? ዛሬውኑ ለነጋዴ ለመሸጥ ከሆነ አንድ ዋጋ አለ፤ ነጋዴው ኪራዩንና ዕቃው ሳይሸጥ የሚቀመጥበትን ጊዜ አስቦ ስለሚገዛ ዝቅተኛው ነው። የአሜሪካ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ለውርስና ለበጎ አድራጎት ስጦታ የሚጠቀምበት ሌላ ዋጋ አለ፤ ማንም ያላስገደዳቸው፣ ስለ ዕቃው በቂ እውቀት ያላቸው ገዢና ሻጭ የሚስማሙበት ማለት ነው። ለኢንሹራንስ ሲሆን ደግሞ ቢጠፋ ተመሳሳዩን ከሱቅ ለመተካት የሚያስፈልገው ገንዘብ ይገመታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው ይህ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሰው የሚጎዳው የኢንሹራንስ ወረቀት ይዞ ነጋዴ ጋ ሲሄድ፣ ወይም የነጋዴ ዋጋ ተነግሮት የእናቱን ዕቃ ሲንቅ ነው።

ደግሞም ሻጭ የለጠፈው ዋጋ ገና ምኞት ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሐብል በሺህ ዶላር ተለጥፎ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። እኔ የምፈልገው የተሸጠውን ነው፤ በጨረታ ማን ከፍሎ ወሰደው፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ላይ እያለ። ቢያንስ አምስት ስድስት ተመሳሳይ ሽያጭ ሳላይ አፌን አልከፍትም። ከፍቼም ቀኑን እጽፍበታለሁ፤ ፋሽን ሲዞር ዋጋ አብሮ ይዞራል።

በመጨረሻ ያለ ስም የመጣ አምባር ቀረ። አምስት ሰፋፊ ማያያዣ፣ የማርና የቅጠል ቀለም ያላቸው ፈርጦች። ኒውዮርክ ውስጥ ዴሊዛ ኤንድ ኤልስተር የሚባል ኩባንያ እንዲህ ያለ ባለ አምስት ማያያዣ አምባር ይሠራ ነበር፤ አብዛኛው ሥራው ስም የለውም። ጥቂቱ በ1960ዎቹ መጨረሻ «ጁሊያና» የሚል የወረቀት መለያ ተንጠልጥሎለት ስለተሸጠ ዛሬ ትልቅና የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ጁሊያና ይባላል። የዚህ አምባር ማያያዣዎች እኔ የማውቀውን አሠራር አይመስሉም። ወረቀቱ ላይ «ሠሪው ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። «ስም ቢኖረው ይጨምር ነበር?» አሉኝ ሴትየዋ። አዎ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ይቅርበት» አሉ።

ዘውዱንና ሞኔዎቹን እንድሸጥላቸው ተስማማን። ሐብሉን ሳነሳ እጃቸውን ዘረጉ። ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ አሮጊቷን አልብሰው የሚቆልፉላቸው እሳቸው ነበሩ። መቆለፊያው ያስቸግራል፣ ወደ ግራ ካላዘነበሉት አይገባም አሉኝ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው የሳንቲም መያዣ አወጡ፤ ከውስጡ በለስላሳ ወረቀት የተጠቀለለች የሩዝ ፍሬ የምታህል ሉል። ከሁለት ዓመት በፊት አልጋው ሥር ወድቃ አግኝተዋት ነበር። ዋጋ ያላት መስሏቸው አልነበረም፤ አሮጊቷ ሲጠይቁ እንዳያጧት ብለው ነው ያስቀመጧት።

መብራቱን ጠጋ አደረግሁት። ሉሏን በቀጭኑ ሽቦ ወግቼ ቀዳዳው ውስጥ አሳልፌ ከጀርባ ሁለት ጊዜ አጠማዘዝኩት። ሴትየዋ ወንበራቸውን ስበው እጄን ያዩ ነበር። ስጨርስ ሐብሉን ወስደው ፊቱን ሳያዩ ገለበጡትና ጀርባውን ማየት ጀመሩ።