ዝሆኔ ከአፈር ነው ወይስ ከዘር?

በአዊ ዞን፣ በጥርባ አካባቢ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ከሚጠየቀው ነገር አንዱ በቤተሰቡ ውስጥ እግሩ ያበጠ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። «ዝሆኔ በዘር ይሄዳል» ይባላልና ጤነኛይቱ እኅት በታመመው ወንድሟ ምክንያት ሳታገባ ትቀራለች። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የጤና መማሪያችን ዝሆኔ ትንኝ በምታስተላልፈው ትል የሚመጣ መሆኑን ብቻ ነግሮናል። መንደሩ ዘርን፣ መጽሐፉ ትልን ሲከስ አፈርን ያነሣ አልነበረም። ስለዚህ በዚህ በሽታ ላይ የተደረገውን ምርምር ለዚህ ጥያቄ በሰጠው መልስ እንመዝነዋለን።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት፣ ይህ የዝሆኔ ዓይነት የሚበዛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ፣ ዝናም በሚበዛበትና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ መሆኑን አሳየ። በባዶ እግሩ በሚሄድ ሰው ቆዳ ደቃቅ የአፈር ቅንጣት ይገባና የሊምፍን መተላለፊያ ይጎዳል፤ እግሩም ያብጣል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት ነው። የፕራይስን ሥራ የምናደንቅለት የበሽታውን መነሻ በሽተኛው ከቆመበት መሬት ላይ ስለ ፈለገ ነው።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ወደ ውርስ ተመለከቱ። በ2007 የታተመ ጥናት ለበሽታው በመጋለጥ ረገድ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ የውርስ መሆኑን ገመተ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በወላይታ 194 በሽተኞችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይባቸው ጂኖች ጋር በሽታው ዝምድና እንዳለው አገኙ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በአቀራረቡ ላይ ሁለት ነቀፌታ አለን። አንደኛ፣ በወላይታ የተገኘውን ሳያጠኑ ለአዊም ነው ማለት አይገባም። ሁለተኛ፣ «ውርስ» የሚለው ቃል ሳይብራራ ወደ መንደር ከገባ የሽማግሌዎቹን ፍርድ ያጸናል። 63 በመቶ የተባለው አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን እንደሚተርፍ የሚያስረዳ ቍጥር ነው። እግሩ ያን አፈር ያልነካ ሰው ግን ዘሩ ምንም ቢሆን በዚህ በሽታ አይያዝም።

ይህ ነገር በምርመራውም ላይ ጉዳት አለው። በሽታውን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ እስከ ዛሬ የለም። ሐኪሙ የሚያውቀው በማየት፣ በመጠየቅና ሌሎችን በሽታዎች በማስወገድ ነው፤ ይኸውም እብጠቱ ከእግር ተነሥቶ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች መቅረቱን፣ በደም ውስጥ የፊላርያ ትል ምልክት አለመገኘቱን፣ እንደ ሥጋ ደዌም የእግሩ ስሜት አለመጥፋቱን ያጣራል። መጀመሪያ ላይ እብጠቱ ሌሊት አርፎ ሲያድሩ ይቀንሳል፤ ሕክምናው በብዙ የሚረዳውም ያን ጊዜ ነው። ታዲያ በዘር የሚታማ ሰው እግሩን ይደብቃል እንጂ ለሐኪም ያሳያልን?

በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ በ696 በሽተኞች ላይ የተደረገውና በ2018 የታተመው ጥናት መልካም መልስ ይሰጠናል። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ፣ ትኩሳትና ሕመም እየመጣ በሽተኛውን የሚጥልበትን ጊዜ ከመቶ 19 ያህል ቀነሰ። አንድ አምስተኛ ጥቂት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ይህን ቍጥር ለጥርባ ሽማግሌዎች ብንነግራቸው እንወዳለን፤ ዘር አይታጠብም፣ እግር ግን ይታጠባልና።

በእኛ አስተያየት ምርምሩ የበሽታውን ምክንያት በሚገባ ገልጧል፤ የጎደለው የመጀመሪያውን ደረጃ የሚለይ ምርመራና የተገኘው እውነት በአገውኛና በአማርኛ መነገሩ ነው። የፊተኛውን ከሊቃውንት እንጠብቃለን። የኋለኛው ግን የእኛ የተማሪዎቹ ዕዳ ነው፤ ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ ልንጀምረው እንችላለን።