መኪናው ጸዳ፤ ውሃውስ?

በአገራችን መኪና ማጠብ ማለት ወንዝ ፍለጋ መሄድ ማለት ሆኗል። ቆላ ድባን ተመልከቱ። የደምቢያ ዋልካ በክረምት ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ በበጋ አቧራ ሆኖ መስታወቱን ይሸፍናል። ሹፌሩ ምን ያድርግ? ወንዝ ሲያገኝ መኪናውን ያስገባና ኦሞውን ይበትናል። የባሕር ዳሩም ባልደረባው ጣና ዳር ተጠግቶ ያንኑ ይደግማል። ከዚያ “አጸዳሁ” ይላሉ። አይ ማጽዳት! ቆሻሻውን ከቆርቆሮ ወደ ውሃ አዛወሩት እንጂ።

ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ሁሉን የሚችል ይመስለናል። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። የመገጭ ወንዝ ከጎንደር በኩል ያግበሰበሰውን የሚያራግፈውም በደምቢያ ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ መግባቱ ሲታወቅም መጀመሪያ የታየው በዚያው አካባቢ ነበር። እምቦጭን ያመጣው የመኪና እጣቢ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና የከተማው ፍሳሽ ይበልጣል። ነገር ግን ፎስፌት ያለበት ሳሙና ለአረሙ ቀለብ ነው። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ እኛ ከላይ ሆነን እናጎርሰዋለን።

የሚገርመው፣ ኦሞ ለመኪናውም አይበጅም። የልብስ ሳሙና የቀለሙን መከላከያ ሰም ይገፋል። ጭቃውን ሳያርሱ መፈግፈግም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይቧጭራል። ቤት ማጠብ እኮ ከባድ አይደለም። መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፤ ጭቃውን በንጹሕ ውሃ አርሶ ማውረድ፤ ከዚያ ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለመኪና ሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። ከጣሪያ ወደ ታች መውረድ፤ ጎማውን መጨረሻ፣ ያውም በሌላ ጨርቅ። እጣቢው ከጉድጓድ ውሃና ከቦይ ርቆ አፈር ላይ ይደፋ።

“ታዲያ ላቫጆ የሚሠሩት ልጆች ምን ይብሉ?” የሚል አይጠፋም። ኧረ ልጆቹን ማን ከሰሰ! ከውሃ ራቅ ያለ ቦታ ሰጥቶ፣ ዘይቱን የሚያስቀር ጉድጓድ አስቆፍሮ ማሠራት የማዘጋጃ ቤት ፋንታ ነው። መኪናውን ወንዝ ድረስ የሚነዳው ግን ባለመኪናው ነው። ከወንዙ በታች ደግሞ ከብቱን የሚያጠጣ፣ እንስራዋን የምትሞላ ሰው አለች። መሪውን ወደ ወንዝ ከማዞራችን በፊት እነሱን እናስብ።