የማኅበራዊ አገልግሎት ፈቃድና የመተማ ቆላ

የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ ተዘግቶ እስከ 2004 ድረስ ሙያው 30 ዓመት ያህል ተተኪ አጣ። አሁን ደግሞ ለሠራተኛው የሙያ ፈቃድ ይሰጠው የሚሉ አሉ። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፈቃዱ በጽሑፍ ፈተና ብቻ የሚገኝ ከሆነ ጉድለት አለበት።

ለምሳሌ ገንዳ ውሃንና አካባቢውን እንመልከት። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ይወርዳል፤ ወባና ካላዛርም ያገኘዋል። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል ገብቷል። ፈተናውን በከፍተኛ ነጥብ ያለፈው ሰው የታመመውን አጫጅ ደመወዙን ሳያጣ ወደ ሐኪም ማድረስ፣ የስደተኛይቱንም ምስጢር በአስተርጓሚ ፊት መጠበቅ ካልቻለ ወረቀቱ ምን ይረባል?

ዕድርና ሽማግሌ ይበቃል የሚሉም አይጠፉም። ዕድር ግን ለአባሉ፣ ሽማግሌም ለሚያውቀው ጎረቤት ነው፤ አጫጁና ስደተኛው ለአገሩ ባዳ ናቸው።

ስለዚህ ፈቃዱ ይሰጥ፤ አስቀድሞ ግን ተማሪው በሙያው በሠለጠነ ሰው ሥር ሆኖ አንድ የአጨዳ ወራት በቆላው ያገልግል። ምስጢር ያወጣም ፈቃዱን ይነጠቅ። ተጠያቂነት የሌለበት ፈቃድ ለባለቤቱ ክብር ይሆናል እንጂ ለችግረኛው ዋስትና አይሆንም።